የጃፓን ልብ ወለድ በጎንደር አንባቢ ዓይን

መግቢያ

የጃፓን ስም በአማርኛ ጽሑፎች ውስጥ መነሣት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እ.ኤ.አ. በ1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው ጃፓንን ለኢትዮጵያ አርአያ አድርገው አቅርበዋል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1889 የታወጀውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ተመልክቶ የተዘጋጀ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የመንግሥት መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን ከጎበኙ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳተሙ። ከበደ ሚካኤልም በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በሚል ርእስ የታወቀ መጽሐፋቸውን አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ደግሞ ጃፓን በአዲስ መልክ፣ ይኸውም በአሠራር ማሻሻያ ትምህርትነት፣ ወደ ፋብሪካዎችና ወደ መሥሪያ ቤቶች ገባች።

እነዚህ ሁሉ በዘመንም በይዘትም ቢለያዩ መነሻ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ እርሱም ጃፓን እንደምን ሠለጠነች የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ዛሬም ጊዜው አላለፈበትም። ሆኖም ጃፓናውያን ደራስያን በዚያው የለውጥ ዘመን ውስጥ ሲኖሩ ሌላ ጥያቄ ይጠይቁ ነበር። ሥልጣኔው ምን አስከፈለ? በአባትና በልጅ፣ በወዳጅና በወዳጅ፣ በመምህርና በተማሪ መካከል ምን ለወጠ? የዚህ ጥያቄ መልስ በሕገ መንግሥት አንቀጽ ወይም በፋብሪካ ሪፖርት ውስጥ አይገኝም። የሚገኘው በልብ ወለዶቻቸው ውስጥ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በጎንደር ከተማ፣ አራዳ ላይ የሚኖር አንድ መምህር ከእነዚህ ልብ ወለዶች ጥቂቶቹን በእንግሊዝኛ ትርጉም ሲያነብ የሚቀርበውንና የሚርቀውን መመርመር፣ ከዚያም ለክፍል ትምህርት የሚበጀውን መለየት ነው። ጎንደር የተመረጠችው ለጌጥ አይደለም። የነገሥታት መናገሻ፣ የቅኔና የአቋቋም ትምህርት ማዕከል፣ የሃይማኖት ክርክርም መድረክ የነበረች ከተማ በመሆኗ፣ ከጃፓን መጻሕፍት አንዳንዶቹ ከሌላ ስፍራ ይልቅ በዚያ የሚነኩት ቁስልና የሚያገኙት ዘመድ አለ።

የትርጉሙ መንገድ

አማርኛ በትርጉም ሥራ ድኻ አይደለም። ሲራክ ኅሩይ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ»፣ ከበደ ሚካኤል የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልየት»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሐምሌት»ን ወደ አማርኛ መልሰዋል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የቪክቶር ሁጎን ታላቅ ልብ ወለድ «መከረኞቹ» ብለው አቅርበዋል። ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን መጽሐፍ ተርጉሞ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ አሳትሞታል። በዚህ ረድፍ ውስጥ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የሩሲያ መጻሕፍት ጎልተው ይታያሉ። የጃፓንን ልብ ወለድ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ነው።

ከዚህም የተነሣ መጽሐፉ ከአንድ እንስራ ወደ ሌላ እንስራ እንደተገለበጠ ውኃ ሆኖ ይደርሰዋል። በመገልበጡ ጊዜ የሚፈስሰው ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎድለው የአክብሮት አነጋገር ነው። ጃፓንኛ ታላቅን፣ እኩያንና ታናሽን በግሥ ሳይቀር ለይቶ የሚያነጋግር ቋንቋ ነው። እንግሊዝኛ ግን አንተንም፣ አንቺንም፣ እርስዎንም በአንድ ቃል ያጠቃልላል። በእንግሊዝኛው ትርጉም ውስጥ ተማሪ መምህሩን፣ ሠራተኛ አሳዳሪዋን፣ ባል ሚስቱን የሚጠራበት ቃል ያው አንዱ ይሆናል።

የአማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ይህን ጉድለት ሳያስበው በአእምሮው ይሞላዋል። ገጸ ባሕርያቱ ሲነጋገሩ ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «እርስዎ» እንደሚል በልቡ ይወስናል፤ የሌለውንም ሰው «እሱ» ወይም «እሳቸው» እያለ ያስባል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የኋለኛው ትርጉም ከፊተኛው ይበልጥ ወደ ምንጩ የሚቀርብበት ጊዜ ሊኖር እንደሚችል ያመለክታል፤ ለዚህም ቀዳሚው ምስክር «ኮኮሮ» ነው።

«ኮኮሮ»፤ ልብና የኔታ

ናትሱሜ ሶሴኪ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1867፣ ማለትም የሜይጂ ዘመን ከመጀመሩ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በመንግሥት ወጪ ለንደን ሄዶ ከ1900 እስከ 1902 አጥንቷል፤ በአውራጃ ትምህርት ቤቶችና በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ በ1916 አርፏል። ዕድሜው ከጃፓን የሥልጣኔ ዘመን ጋር አብሮ የሄደ ሰው ነው ማለት ይቻላል። «ኮኮሮ» የተባለው ልብ ወለዱ እ.ኤ.አ. በ1914 በጋዜጣ በተከታታይ ወጣ። በአንባቢዎች ዘንድ የታወቀው የኤድዊን ማክሌላን እንግሊዝኛ ትርጉም የታተመው በ1957 ነው።

ማክሌላን ርእሱን ሳይተረጉም ተወው። «ኮኮሮ» የሚለው ቃል ስሜትንም፣ አሳብንም፣ ፈቃድንም፣ የሰውን ውስጠኛ ማንነትም በአንድነት ስለሚይዝ፣ ስሜትን ብቻ የሚያስታውሰው የእንግሊዝኛው ቃል አይበቃውም። የአማርኛ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። በአማርኛ «ልብ» የስሜት ብቻ ሳይሆን የአሳብም ማደሪያ ነው። ልጅ አድጎ ማስተዋል ሲጀምር ልብ ገዛ ይባላል፤ ነገሩን አስተውል ሲባል ልብ በል ይባላል፤ የማያስታውስም የማይራራም ሰው ልበ ቢስ ተብሎ ይነቀፋል። ከዚህም በላይ አማርኛ ይህን የጽሑፍ ዓይነት የሚጠራው «ልብ ወለድ» ብሎ ነው፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሮም ካሳተሙት መጽሐፍ ጀምሮ ቃሉ ከድርሰት ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። እንግሊዝኛው ያልደፈረውን ርእስ አማርኛ በሁለት ፊደል ይተረጉመዋል።

ሁለተኛው ቃል «ሰንሰይ» ነው። ታሪኩን የሚናገረው ወጣት በባሕር ዳርቻ የተዋወቀውን አንድ ጎልማሳ በስሙ አይጠራውም፤ ሁልጊዜ ሰንሰይ ይለዋል። ማክሌላን ይህንንም ቃል እንዳለ ትቶ፣ መምህር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እንደማያጠግብ በግርጌ ማስታወሻ ገልጿል። የጎንደር አንባቢ ግን ቃሉን ገና ሲያየው «የኔታ» ይላል። ስም ሳይጠራ፣ አክብሮትንና ፍቅርን አንድ አድርጎ፣ ተማሪ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ለመምህሩ የሚሰጠው መጠሪያ ይኸው ነውና። እርግጥ «የኔታ» የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትን ሽታ ይዞ ይመጣል፤ የሶሴኪ ሰው ግን ሥራ የሌለው፣ ወንበር ዘርግቶ የማያስተምር፣ ከዓለም የሸሸ የከተማ ምሁር ነው። ቢሆንም ቃሉ የሚጠቅመው በዚህ ልዩነት ጭምር ነው። ደቀ መዝሙሩ የኔታ እያለ የሚከተለው ሰው ማስተማርን የሚፈራ ሰው መሆኑ የመጽሐፉ ዋና ምሬት ነውና፣ ይህ ምሬት በእንግሊዝኛው ይልቅ በአማርኛው ይሰማል።

ሰንሰይ ዓለምን የሸሸበት ምክንያት በሦስተኛው ክፍል በረጅም ደብዳቤ ይገለጣል። ወላጆቹ ሲሞቱ አጎቱ ውርሱን አጉድሎ በላበት፤ ከዚያ በኋላ ሰውን ማመን ተወ። ርስት በዘመድ መካከል ያመጣውን ክርክር ከአያቶቹ ሲሰማ ላደገ የሰሜን አንባቢ ይህ ክፍል ማብራሪያ አያሻውም። ታሪኩ ግን በዚያ አይቆምም። ሰንሰይ ራሱ ደግሞ በተራው አንዲት ልጃገረድን ለማግባት ሲል የቅርብ ወዳጁን ይከዳል፤ ወዳጁም ራሱን ያጠፋል። ከዚያ በኋላ ሰንሰይ የሚሸሸው አጎቱን ሳይሆን ራሱን ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣ ከኅብረተሰቡ ተለይቶ የሚኖረው ክፋቱን በሥርዓቱ ውስጥ ስላየ ነው። ሰንሰይ የተለየው ክፋቱን በገዛ ልቡ ውስጥ ስላገኘ ነው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው አሮጌው ሥርዓት ሰውን እንዴት እንደሚያስር ከአንዱ፣ አዲሱ ነጻነት ሰውን እንዴት ብቻውን እንደሚያስቀር ከሌላው ይማራል።

ይሁንና ለመምህራን ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው መካከለኛው ክፍል ነው። ወጣቱ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ወደ ገጠር ቤቱ ሲመለስ ታማሚ አባቱ በዲፕሎማው እጅግ ይደሰታል። ዲፕሎማው ግን በጓዝ መካከል ተጨማድዶ ስለነበር በክብር ስፍራ ሲያቆሙት አልቆም እያለ ይወድቃል። ልጁ አባቱ በዚህ ወረቀት መደሰቱ የገጠሬ የዋህነት ሆኖ ይታየዋል፤ አባትየው ግን የተደሰተው በሕይወት ሳለ ልጁ ተመርቆ ለማየት በመብቃቱ ነበር። በመጨረሻም ልጁ በሞት አፋፍ ላይ ያለውን አባቱን ትቶ፣ የሰንሰይን ደብዳቤ ይዞ በባቡር ወደ ቶኪዮ ይገሠግሣል። በአራዳ ቤቶች ግድግዳ ላይ የምረቃ ልብስ የለበሱ ልጆች ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ይታያል፤ ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ወደ ሩቅ ከተማ ወይም ወደ ውጭ ሀገር ሄደዋል። ትምህርት ልጅን ከወላጁ ምን ያህል እንደሚያርቅ የትምህርት ዕቅድ ሰነዶች አይመዘግቡም። ሶሴኪ መዝግቦታል።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የሰንሰይ ሚስት በታሪኩ ሁሉ መካከል ቆማ ስለ ራሷ ዕጣ ምንም እንዳታውቅ ይደረጋል፤ ባሏ ምሥጢሩን ለተማሪው ሲገልጥ ለእርሷ ይደብቃል፤ ደራሲውም ይህን ዝምታ በበቂ ሁኔታ አይመረምረውም። ሴት ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ይህ ጥያቄ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም።

«ቦቻን»፤ አዲሱ መምህር በአውራጃ

ሶሴኪ «ቦቻን»ን የጻፈው ከ«ኮኮሮ» ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። በሺኮኩ ደሴት በማትሱያማ ከተማ መምህር ሆኖ የቆየበት ጊዜ ለታሪኩ መነሻ ሆኖታል። ባለታሪኩ ትምህርቱን እንደጨረሰ በወር 40 የን ደመወዝ ወደ ሩቅ አውራጃ የተላከ የሒሳብ መምህር ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የወረዱት ተማሪዎችና መምህራን፣ ዛሬም የመጀመሪያ ምደባው የደረሰው ወጣት መምህር፣ ይህን መጽሐፍ ሲያነቡ ራሳቸውን ማየታቸው አይቀርም።

ቦቻን አንድ ቀን ምሽት በምግብ ቤት አራት ሳሕን የጃፓን ፓስታ ይበላል፤ በማግስቱ ክፍል ሲገባ ነገሩ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ተጽፎ ይጠብቀዋል። ፍል ውኃ ገብቶ ሲዋኝ ይታያል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በመታጠቢያው ላይ መዋኘት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ተሰቅሎ ያገኛል። የሌሊት ተረኛ ሆኖ ባደረበት ቀን ተማሪዎቹ አልጋውን በፌንጣ ይሞሉታል። በትንሽ ከተማ ያስተማረ ሰው ሁሉ የመምህር ዓይነ ምስጢር እንደማይኖረው፣ ገበያ ላይ የገዛው እንኳ ክፍል ሳይገባ ተማሪው ዘንድ እንደሚደርስ ያውቃል። ቦቻንም በበኩሉ ለባልደረቦቹ ቅጽል ስም ያወጣል፤ ርእሰ መምህሩን ፍልፈል መሳይ አውሬ፣ ምክትሉን ቀይ ሸሚዝ፣ የሒሳብ ክፍሉን ኃላፊ ጃርት፣ ገርጣ ያለውን የእንግሊዝኛ መምህር ያልበሰለ ዱባ ይላቸዋል። ቅጽል ስም ማውጣት የሚወድ የጎንደር ተማሪ ይህን ምዕራፍ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ሳቁ ግን ከባድ ነገር ይሸፍናል። ቀይ ሸሚዝ የተማረ፣ አነጋገሩ የለዘበ፣ ስለ ሥነ ምግባር የሚሰብክ ሰው ነው። ያ ገርጣ መምህር ያጫትን ልጃገረድ ስለፈለጋት፣ መምህሩ ሳይወድ ወደ ሌላ ሩቅ ስፍራ እንዲዛወር ያደርጋል፤ ዝውውሩንም ለመምህሩ ጥቅም የተደረገ አስመስሎ ያቀርበዋል። ከዚያም ለቦቻን የደመወዝ ጭማሪ ይሰጠዋል። ቦቻን ጭማሪው ከየት እንደመጣ ሲረዳ፣ በሌላው መምህር መገፋት የተገኘ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ይመልሳል። በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስለ መምህር ዝውውርና ስለ ደመወዝ ዕድገት ይህን ያህል በቀጥታና በሳቅ የተናገረ ልብ ወለድ ማግኘት ቀላል አይደለም። የጃፓን የትምህርት ሥርዓት በውጭ ሆኖ ሲታይ እንደ ሰዓት የሚሠራ መስሎ ይታያል፤ «ቦቻን» በዚያው ሥርዓት ውስጥ ደንብን ለግል ጥቅም ማዋል፣ ጥሩ አነጋገርን የክፋት መሸፈኛ ማድረግ እንደነበረ ያሳያል። ይህም ለዕቅድ አውጪዎች ማስታወሻ ሊሆን ይገባዋል። ደንቡን የሚያወጣው መንግሥት ነው፤ የሚሠራው ወይም የሚያበላሸው ግን በአንድ ትንሽ ከተማ በአንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው።

የመጽሐፉ ፍጻሜ አሸናፊነት አይደለም። ቦቻንና ጃርት ቀይ ሸሚዝን ደብድበው ከተማውን ለቅቀው ይሄዳሉ፤ ቀይ ሸሚዝ ግን ወንበሩን እንደያዘ ይቀራል። ቦቻን በቶኪዮ በ25 የን ደመወዝ የከተማ ባቡር ሠራተኛ ይሆናል። የሚጽናናው ከልጅነቱ ጀምሮ ባሳደገችው በአሮጊቷ የቤት ሠራተኛ በኪዮ ፍቅር ነው። ቦቻን የሚለው መጠሪያም የእርሷ ነው፤ በአማርኛ አንዲት ሞግዚት ላሳደገችው የጌታዋ ልጅ «ጌትዬ» ብትል የምታስተላልፈውን ስሜት ይዟል። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቃሉ ባዕድ ስም ሆኖ ስለሚቀር፣ ርእሱ ራሱ የአንዲት ድኻ ሴት የፍቅር ጥሪ መሆኑ ይዘነጋል።

አንድ ነገር ግን ለጎንደር አንባቢ ይጎረብጠዋል። ቦቻን ከዋና ከተማ የመጣ በመሆኑ የአውራጃውን ሰው፣ አነጋገሩንና ምግቡን ሳይቀር ይንቃል። ደራሲው በዚህ ንቀት ላይም ይስቃል፤ ሆኖም ሳቁ ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም። ከመሀል ሀገር ተመድቦ የመጣን መምህር ትዕቢት የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ከባለታሪኩ ጎን ሳይሆን ከተማሪዎቹ ጎን ሊቆም ይችላል፤ ቢቆምም አልተሳሳተም።

«የገንጂ ታሪክ»፤ ኅብርና ሰምና ወርቅ

ወደ ኋላ ሺህ ዓመት ተመልሶ «የገንጂ ታሪክ»ን የሚያነብ ሰው የሚገባው ወደ ቤተ መንግሥት ነው። ሙራሳኪ ሺኪቡ የተባለችው የቤተ መንግሥት ሴት በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የጻፈችው ይህ ረጅም ሥራ፣ በአርተር ዌሊ ትርጉም ከ1925 እስከ 1933፣ በኤድዋርድ ሳይደንስቲከር ትርጉም ደግሞ በ1976 በእንግሊዝኛ ታትሟል። የፋሲልን ግቢ ግንብ በየዕለቱ እያየ ለሚኖር ሰው የመሳፍንቱ ፉክክር፣ ሹመትና ግዞት እንግዳ አይሆንበትም። የሚደክመው በታሪኩ ዝግታ ነው፤ ይህንም መሸሸግ አያስፈልግም።

ቅኔ የቀመሰ አንባቢ ግን አንድ ነገር ያገኛል። በመጽሐፉ ውስጥ ስምንት መቶ የሚጠጉ አጫጭር ግጥሞች አሉ። ወንዱና ሴቲቱ ፍቅራቸውን፣ ቅሬታቸውንና ስንብታቸውን የሚለዋወጡት በእነርሱ ነው። ግጥሞቹ በአንድ ቃል ሁለት ፍች ያሳድራሉ፤ ለምሳሌ «ማትሱ» የሚለው ቃል ጥድንም መጠበቅንም ስለሚያመለክት፣ ስለ ጥድ የሚናገር የሚመስል ግጥም ስለምትጠብቅ ሴት ይናገራል። በቅኔ ቤት ይህ ኅብር ነው፤ ሰምና ወርቁም ይለያል። ዌሊ አብዛኞቹን ግጥሞች በስድ ንባብ ውስጥ ስላሟሟቸው የእንግሊዝኛው አንባቢ ሰሙን ብቻ አግኝቶ ይሄዳል። ወርቁን የመፈለግ ልማድ ያለው የቅኔ ተማሪ ቢያንስ አንድ ነገር እንደጎደለ ያውቃል።

«ዝምታ»፤ ያልተጻፈው የጎንደር ታሪክ

ከተነሡት መጻሕፍት ሁሉ በጎንደር ሲነበብ እጅግ የሚከብደው የኤንዶ ሹሳኩ «ዝምታ» ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1966 ታተመ፤ በ1969 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ዊልያም ጆንስተን ራሱ በጃፓን የሚኖር የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው በ17ኛው መቶ ዘመን ነው። የጃፓን መንግሥት ክርስትናን ከልክሎ ካህናቱን እያሳደደ ሳለ፣ ፌሬራ የተባለው የኢየሱሳውያን አለቃ በስቃይ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1633 ሃይማኖቱን እንደካደ ይሰማል። ይህ በታሪክ የተመዘገበ ነው። ሮድሪጌስ የተባለው ወጣት ካህን ነገሩን ሊያጣራ በስውር ወደ ጃፓን ይገባል፤ ተይዞም የክርስቶስን ሥዕል እንዲረግጥ ይጠየቃል። ካልረገጠ የሚሠቃዩት እርሱ ሳይሆን ድኾቹ ምእመናን ናቸው።

የጎንደር አንባቢ ዓመተ ምሕረቱን ሲያይ ይደነግጣል። በዚያው ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1632፣ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በግድ ለማስፋፋት ያደረጉት ሙከራ ብዙ ደም ካፈሰሰ በኋላ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። ፋሲለደስም የዚያኑ ማኅበር ካህናት ከሀገር አስወጡ፤ በ1636 ገደማም ጎንደርን መናገሻ አደረጉ። ሁለት የካፑቺን ማኅበር መነኮሳት እ.ኤ.አ. በ1638 በጎንደር ተሰቅለው ሞተዋል። ሁለቱ መንግሥታት ስለ አንዱ ሌላው ብዙም ሳያውቁ፣ በአንድ ትውልድ ዘመን፣ ከአንድ ማኅበር ካህናት ጋር ተጋጭተው በራቸውን በአውሮፓውያን ላይ አጠበቁ።

ልዩነቱም በዚያው ልክ ትልቅ ነው። ኤንዶ በገጸ ባሕርያቱ አፍ ጃፓንን የባዕድ ችግኝ ሥሩ የሚበሰብስበት ረግረግ ያደርጋታል። ኢትዮጵያ ግን ካህናቱ ሲመጡ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ የራሷ ክርስትና ነበራት፤ ክርክሩም በክርስቲያንና በክርስቲያን መካከል ነበር። ስለዚህ የረግረጉን ምሳሌ ወደ ጎንደር አምጥቶ መትከል ስሕተት ይሆናል።

መጽሐፉ የጎንደርን አንባቢ የሚፈትነው በሌላ መንገድ ነው። የዚህ ከተማ ልጅ ታሪኩን የሰማው ካሸነፈው ወገን ነው። የፋሲለደስ ሥራ በትምህርት ቤትም በቤትም የሚነገረው የሃይማኖትና የነጻነት መመለስ ተደርጎ ነው፤ ይህም በቂ ምክንያት አለው። ኤንዶ ግን ከተሸነፈው፣ ይልቁንም ከደካማው ወገን ይጽፋል። ኪቺጂሮ የተባለው ሰው ደጋግሞ ይክዳል፤ ደጋግሞም ንስሐ ለመግባት ካህኑን ተከትሎ ይመጣል። የነፍስ አባትን ወግ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ሰው ከሰማዕታቱ ይልቅ ሕያው ነው። በሱስንዮስ ዘመን በአዋጅ ወደ አዲሱ ሃይማኖት ገብቶ፣ በፋሲለደስ ዘመን በአዋጅ የተመለሰው ተራ ገበሬ ልብ ውስጥ ምን ነበረ? ዜና መዋዕሎቹ የነገሥታቱን ሥራ እንጂ የዚህን ገበሬ ልብ አልመዘገቡም። ልብ ወለድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከናጋሳኪ የመጣ መጽሐፍ አንድን የጎንደር አንባቢ በገዛ ከተማው ታሪክ ውስጥ ያልተጻፈውን ገጽ ካሳየው፣ የትርጉም ጥቅም ከዚህ በላይ ማስረጃ አይሻም።

ለክፍል ትምህርት የሚበጀው

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪው የውጭ ሥነ ጽሑፍን የሚያገኘው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው። በዚያም ቋንቋውን ለመማር እንጂ አሳቡን ለመከራከር ጊዜ አይተርፈውም። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የውጭ ልብ ወለድ እምብዛም አይቀርብም። ከላይ የታየው እንደሚያመለክተው ይህ ክፍፍል ዋጋ ያስከፍላል፤ አማርኛ «ልብ»፣ «የኔታ»፣ «ኅብር» በሚሉት ቃላት ወደ ጃፓን መጻሕፍት የሚያስገባ አጭር መንገድ እያለው፣ ተማሪው በረጅሙ መንገድ እንዲሄድ ይደረጋልና።

መምህሩ መጽሐፍ እስኪተረጎም ድረስ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አይገባውም። ከ«ቦቻን» ወይም ከ«ኮኮሮ» አንድ ገጽ ንግግር መርጦ ተማሪዎቹ ወደ አማርኛ እንዲመልሱት ማድረግ ይችላል። ማን «አንተ» ማን «እርስዎ» እንደሚባል ለመወሰን ሲከራከሩ፣ ስለ ገጸ ባሕርያቱ ግንኙነት ከማናቸውም የማስታወሻ ጽሑፍ ይበልጥ ይማራሉ። በጃፓን «ኮኮሮ» በሁለተኛ ደረጃ የቋንቋ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ገብቶ ይሰጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠውም የወዳጁ መከዳትና ሞት የሚገኝበት የመጨረሻው ክፍል ነው። ለኢትዮጵያ ክፍል ግን የአባትና የልጁ ታሪክ ያለበት መካከለኛው ክፍል የተሻለ ይሆናል። ለተማሪው ኑሮ ይቀርባል፤ ራስን ማጥፋትን ለወጣቶች ማቅረብ የሚጠይቀውንም ልዩ ጥንቃቄ ያቃልላል።

ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችና ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ ሥራው ሰፋ ያለ ነው። በጃፓን መንግሥት የትምህርት ዕድል ተምረው ጃፓንኛ የቻሉ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ዘይቤ የሚያውቁ የአማርኛ ደራስያንና የቅኔ ሊቃውንትም አሉ። ቋንቋውን የሚያውቀውና ዘይቤውን የሚያውቀው አብረው ቢቀመጡ፣ አንድ አጭር ልብ ወለድ ከምንጩ በቀጥታ ወደ አማርኛ ሊመለስ ይችላል። ተማሪው የራሱን ሥነ ጽሑፍ ገና ሳያጠግበው ስለምን ጃፓን ይሰጠዋል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ከላይ የታየው ነው፤ ሶሴኪ ጉዱ ካሣን እንደገና እንድናነብ፣ ኤንዶም የፋሲለደስን ዘመን እንደገና እንድንጠይቅ ያደርጋሉ።

ማጠቃለያ

«ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚለው ጥያቄ ለኢትዮጵያ ምሁራን ሦስትና አራት ትውልድ ስንቅ ሆኗል። ስንቁ መልካም ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ካይዘንን የሚማር ሠራተኛና የጃፓንን ትምህርት ቤት እንደ አርአያ የሚያይ ዕቅድ አውጪ፣ አልቆም ያለውን ዲፕሎማ፣ ሳይወድ የተዛወረውን መምህርና ሥዕሉን የረገጠውን ካህንም ቢያውቅ፣ ከጃፓን የሚወስደው ትምህርት የበለጠ ጥንቃቄ ይኖረዋል። ሥልጣኔ የሚለካው በሠራው ብቻ አይደለም፤ በሄደበት መንገድ ላይ ጥሎት ባለፈው ሰውም ይለካል። አራዳ ላይ በማታ መብራት ሥር «ኮኮሮ»ን የሚያነብ መምህር ይህን ያውቃል። ተማሪዎቹም እንዲያውቁት መጽሐፉ በሚያልሙበት ቋንቋ ሊደርሳቸው ይገባል።